ውሾቹ ከኋላ፣ ተራራው ከፊት

ጥያቄ፦ ሁለት ውሾች አሉኝ። ለሽርሽር ይዣቸው ወጥቼ ስመለስ ቀጥታውን አስፋልት ትቼ በተራራው በኩል መምጣት ደስ ይለኛል። ዕይታው ልብ ይሰርቃል። ግን ጥምዝምዙ ሲጀምር ትንሹ ያስታውካል፤ ትልቁ ደግሞ አንገቱን በመስኮት ካወጣ አይመለስም። መንገዱን ልተወው ወይስ መላ አለው?

መልስ፦ መንገዱንስ አይተዉት። እኔም አልተውኩትም። ውሾቼን ከኋላ ጭኜ፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ገደል ገደሉን ይዤ ወደ ቤት ስወርድ የሚሰማኝን ደስታ ሌላ ቦታ አላገኘሁትም።

ማስታወኩ የሚመጣው ከጆሮ ነው። ሚዛን የሚጠብቀው የጆሮ ውስጠኛ ክፍል "እየተወዛወዝን ነው" ይላል፤ ዓይን የሚያየው ግን የማይነቃነቅ ወንበር ነው። ሁለቱ ሲጋጩ ሆድ ይገለባበጣል። ቡችሎች ላይ የሚብሰው ይህ የጆሮ ክፍል ገና ስላልጠነከረ ነው። የእርስዎም ትንሹ ዕድሜው ገና ከሆነ ሲያድግ ሊተወው ይችላል።

ደግሞ ሳይናገር አያስታውክም። የኔ ቦቢ መጀመሪያ ያዛጋል። ከዚያ ከንፈሩን ቶሎ ቶሎ ይልሳል። ቀጥሎ ለሃጩ በቀጭኑ ይወርድና ወንበሩ ጫፍ ላይ ይንጠለጠላል። ለሃጩን ካየሁ ሰፊ ቦታ ፈልጌ እቆማለሁ። ትንሽ መሬት ረግጦ፣ ሣር አሽትቶ ሲመለስ ሌላ ውሻ ነው።

ከመነሳትዎ በፊት ባሉት 3 ወይም 4 ሰዓታት ምግብ አይስጡት፤ ውሃ ግን አይከልክሉት። ከሁሉም በላይ ለውጥ የሚያመጣው የእርስዎ እግር ነው። አንድ ቀን ግማሽ ውሃ ያለበት ጠርሙስ ጋቢና ላይ አስቀምጬ ነዳሁ። በየኩርባው ውሃው እስከ አንገቱ ሲላተም አየሁ። ያኔ ገባኝ። እኔ መሪ ይዣለሁ፣ ኩርባው እንደሚመጣም አውቃለሁ። እነሱ የሚይዙት የላቸውም። ከዚያ ወዲህ ፍሬን የምይዘው ኩርባው ጋ ሳልደርስ ነው፤ ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ቀስ ብዬ እወርዳለሁ። ፍሬኑም አይግልም።

የትልቁ አንገት ግን ያሳስበኛል። በዚያ ፍጥነት የሚመጣ አሸዋ ዓይኑን ይጎዳዋል፤ አንድ ነገር ካየም ሊዘል ይችላል። መስኮቱን አፍንጫው ብቻ እስኪያልፍ ይክፈቱለት። ይበቃዋል፤ ለእሱ ተራራው ማለት ሽታው ነው። ሁለቱንም የደረት ማሰሪያ አድርገው ከወንበሩ ቀበቶ ጋር ያያይዙ። አንገት ላይ በፍጹም አይሰሩ። ጋቢናም አያስቀምጡ፤ ኤርባግ ከፈነዳ ለውሻ አደገኛ ነው።

ዕይታ ለማየት ሲቆሙ ደግሞ መጀመሪያ ማሰሪያውን ይጨብጡ፣ በሩ ቀጥሎ ይከፈታል። እኔ አንድ ጊዜ በሩን አስቀድሜ ብከፍት ሌላዋ ውሻዬ ቡቺ ቀጥ ብላ ወደ ገደሉ ሮጠች። ልጠራት አፌን ከፈትኩ፣ ድምፅ አልወጣኝም። ጫፉ ላይ ቆማ አሸተተችና በራሷ ተመለሰች። እስካሁን ሳስበው ጉልበቴ ይከዳኛል።

ፎቶ ልታነሱ ስትወርዱም መኪና ውስጥ አትተዉአቸው። ነፋሻ ነው ብሎ መተማመን ያሳስታል፤ ውጭው 24 ዲግሪ ቢሆን ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ በ10 ደቂቃ 34 አካባቢ ይደርሳል። መስኮት ገርበብ ማድረጉ ብዙም አይረዳም።

ይህን ሁሉ አድርገው ትንሹ አሁንም ካስታወከ የእንስሳት ሐኪም ያማክሩ፤ ለዚሁ የሚሆን መድኃኒት አለ። የሰው ኪኒን ግን እንዳይሰጡት። እስከዚያው ወንበሩ ላይ አሮጌ ፎጣ ያንጥፉ፤ መቀየሪያም ይያዙ።