የቆየ የኪስ ሰዓት አልኮል ውስጥ ከመንከርህ በፊት

"አያቴ የተዉልኝ ባለ17 ዕንቁ የአሜሪካ ባቡር ሰዓት አሥር ደቂቃ ሄዶ ይቆማል፤ ፈታትቼ አልኮል ውስጥ ነክሬ ዘይት ብቀባው ይሻለዋል?" ብለህ ለጠየቅኸው ወንድሜ፦ ዘይቱ ደርቆ ሙጫ ሆኗል ብለህ መጠርጠርህ ትክክል ነው። አልኮሉ ግን ሰዓቱን ይገድለዋል።

1. መጀመሪያ የሞላውን ጉልበት አስለቅቅ። መሙያውን በሁለት ጣት ጠበቅ አድርገህ ያዝ፣ ትንሽ ወደ መሙላት አዙረው፣ ሞላውን የሚይዘውን ምላስ በቀጭን እንጨት ገፋ አድርገህ መሙያው በጣቶችህ መሃል ቀስ እያለ ይመለስ። ይህን ሳታደርግ ሹካውን (የጎማዎቹን ጉዞ የሚቆጣጠረውን ሹካ መሰል ቁራጭ) ካነሳህ ጥርሳም ጎማዎቹ ባንዴ ይፈተለካሉ፤ የዘንጎቹ ጫፍ ይሰበራል። የሰዓቱን ጠቋሚዎች ለማስተካከልም መሙያውን ጎትተህ አትታገል። አብዛኛው የባቡር ሰዓት የሚስተካከለው የፊት ክዳኑ ተፈትቶ በገበታው ጠርዝ ያለችው ትንሽ ምላስ ስትሳብ ነው፤ ሰዓቱ ኪስ ውስጥ ሳይታወቅ እንዳይዛባ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው።

2. አልኮሉ። ሹካው ላይ ያሉት ሁለት ቀይ ድንጋዮች በብሎን አልታሰሩም፤ የተለጠፉት ሼላክ በሚባል ሙጫ ነው። ከባላንሱ (ወዲያና ወዲህ ከሚወዛወዘው ጎማ) ሥር ሹካውን የምትገፋው ትንሿ ድንጋይም እንዲሁ። ሼላክ ደግሞ አልኮል ውስጥ ይሟሟል። ድንጋዩ ባይወድቅ እንኳ ከቦታው ትንሽ ይንሸራተታል፤ ያኔ ሰዓቱ አንዴ ይሄዳል፣ አንዴ ይቆማል፣ ምክንያቱም በዓይን አይታይም። መልሶ ለማስተካከል ሹካውን አሙቆ፣ በማጉያ እያዩ፣ በሚሊሜትር መቶኛ መለካት ያስፈልጋል። "አልኮል ንጹሕ ነው፣ አይጎዳም" እያሉ የሚመክሩ ሰዎች ስንቱን ጥሩ ሰዓት አበላሹ! ሹካውንና ባላንሱን በላይተር ቤንዚን ለአጭር ጊዜ ብቻ እጠባቸው፤ ከእሳት ራቅ፣ መስኮት ክፈት። የጎማዎቹ ዘንጎች የሚዞሩባቸውን ዕንቁዎች ቀዳዳ ደግሞ የሾለ ለስላሳ እንጨት እያስገባህ አዙር፤ እንጨቱ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ አትተወው።

ባላንሱን በወረንጦ ጠርዙን ጨምቀህ አታንሳው። የድሮዎቹ ሠሪዎች ጥበብ ያለው እዚያ ነው። ጠርዙ ከውጭ ናስ፣ ከውስጥ ብረት ሆኖ ሁለት ቦታ ተቆርጧል፤ ሙቀት ሲጨምር ናሱ ይበልጥ ስለሚለጠጥ ጠርዙ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ በሙቀት የደከመውን፣ ባላንሱን የሚያወዛውዘውን ቀጭን ሞላ የሚያካክሰው ይህ ነው። ዙሪያውን የተተከሉት ብሎኖችም ለዚሁ ተመጥነው የገቡ ናቸውና አንዱንም አትንካ። ከ1891 የኪፕተን፣ ኦሃዮ የባቡር ግጭት በኋላ ከእነዚህ ሰዓቶች የተጠየቀው በሳምንት ከ30 ሴኮንድ ያልበለጠ ስህተት ነበር። በሰዓት 18,000 ጊዜ የሚመታ ነገር ይህን ያህል እንዲታመን ማድረግ ቀላል ሥራ አይደለም።

3. ዘይት። የሰዓት ዘይት ብቻ፣ በመርፌ ጫፍ፤ የዕንቁዋ ጎድጓዳ እስከ ግማሽ ከሞላ በቂ ነው። የጎማዎቹ ጥርስና የሹካው ዘንግ ጫፎች ዘይት አይነካቸውም፤ ሁለቱ ድንጋዮች ግን ጫፋቸው ላይ ጥቂት ይፈልጋሉ። ቀጭኑ ሞላ ላይ ዘይት ከፈሰሰ ጥምዝምዞቹ ይጣበቁና ሰዓቱ በቀን ብዙ ደቂቃ ይቀድማል። ማግኔትም ይህንኑ ስለሚያደርግ እየሄደ ኮምፓስ አስጠጋለት፤ መርፌው ከተንቀጠቀጠ ማግኔቱ ይወገድለት።

ገጣጥመህ ስትጨርስ ፊቱን ወደ ላይ፣ ፊቱን ወደ ታች፣ መሙያውን ወደ ላይ አድርገህ እያንዳንዱን ለ24 ሰዓት ፈትነውና ልዩነቱን ጻፍ። በአንዱ አቀማመጥ ብቻ የሚቆም ከሆነ የባላንሱ ዘንግ ጫፍ ተበልቶ ወይም ታጥፎ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ አዲስ ዘንግ በቶርኖ ማሽን መቅረጽ ለሚችል ሰዓት ሠሪ ስጠው።