ለዘጠኝ የሚካፈል

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ደወለችልኝ። ከዓመታት በፊት ኦዲት ላይ አብራኝ የሠራች ጎበዝ ልጅ ናት። አሁን ባንክ ትሠራለች። ይገባኛል ብላ የጠበቀችው እድገት ለሌላ ሰው ተሰጠባት። ትንሽ አለቀሰች። ከዚያ እንዲህ ብላ ጠየቀችኝ፦ «ጋሼ፣ ጠዋት ማታ እጸልያለሁ። እጾማለሁ። ታዲያ ውስጤ ለምንድን ነው የማይረጋጋው? ሰው ሁሉ ተቀበዪው ይለኛል። መቀበል ማለት ግን ምን ማለት ነው?»

እኔም የተለመደውን መለስኩላት። አይዞሽ፣ ለበጎ ነው፣ እግዚአብሔር ያውቃል፣ ምናምን። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ በራሴ አፈርኩ። ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስገላበጥ ያደርኩት ስለ እሷ እያሰብኩ ቢሆን ደግ ነበር። የመጡብኝ ግን አንድ ሽማግሌ ናቸው። ከሞቱ ብዙ ዓመታቸው ነው።

ነገሩ የሆነው በ1979 ዓ.ም. ደሴ ነው። እኔ 26 ዓመቴ ነበር። ከኮሜርስ ወጥቼ በአንድ የመንግሥት ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ ተመድቤያለሁ። ደሴን የሚያውቅ ጉሙን ያውቃል። ጠዋት ጠዋት ጦሳ ተራራ የለም፣ ጉም ውጦታል። ቢሮ ውስጥ ካፖርት እንደለበስን ነበር የምንጽፈው። በጽሑፌ እኮራ ነበር። አለቃዬ መዝገቤን ለእንግዳ ሁሉ ያሳያል። ያ ኩራት ነው ጉድ የሠራኝ።

ተላላኪያችን፣ ሲያስፈልግም ዘበኛችን የሆኑ አንድ ሰው ነበሩ። ልጆቻቸው ስላሉ ስማቸውን አልጠራም። ሁላችንም «ሼኽዬ» ነበር የምንላቸው። ሼኽ አልነበሩም። እንዲያውም «ቁርአን በቅጡ ያልቀራሁ ሰውዬ ናችሁ ሼኽ የምትሉት» እያሉ ይስቁብን ነበር። በ77ቱ ድርቅ ከብቶቻቸው አልቀው ከገጠር ወደ ከተማ የገቡ ሰው ናቸው። ደመወዛቸው በወር 60 ብር ገደማ ነበር።

ዙሁርን በምሳ ሰዓት ይሰግዳሉ። ዓስር ግን ከቀኑ ዘጠኝ ተኩል ካለፈ በኋላ ነው፣ ሥራ መሃል። ሰዓቱ ሲደርስ የያዙትን ያስቀምጣሉ። ማንቆርቆሪያቸውን ከግቢው ቧንቧ ይሞሉና ውዱእ ያደርጋሉ። እጅ፣ አፍ፣ አፍንጫ፣ ፊት፣ እስከ ክርን፣ ራስ፣ እግር። የደሴን ውሃ የማያውቅ ይህን ቀላል ነገር ይመስለዋል። እኔ እጄን ለመታጠብ ስሳቀቅ እሳቸው እግራቸውን እስከ ቁርጭምጭሚት ያጥባሉ፣ ያውም ሦስት ሦስት ጊዜ። ከዚያ አጎዛቸውን ከዛፉ ሥር ያነጥፋሉ። ከደሴ መካ ልክ በስተሰሜን ናት። ስለዚህ ሲቆሙ የእኔ መስኮት በቀኛቸው በኩል ይውላል። ይህን ልብ በሉልኝ፣ እመለስበታለሁ።

የኮምቦልቻው መጋዘን የሽያጭ ገንዘብ በእሳቸው እጅ ይልክ ነበር። ብሩ በታሰረ ቦርሳ ይመጣል። ገንዘብ ያዧ ቆጥራ ደረሰኝ ትቆርጣለች። እኔ ከደረሰኙ ወደ መዝገብ አሳልፋለሁ። የጥርን ሒሳብ ስዘጋ የኮምቦልቻው መላኪያ 4,630 ብር ይላል። የእኔ መዝገብ 4,360 ይላል። ልዩነቱ 270 ብር።

የሒሳብ ሰው ከሆናችሁ አሁን ሳቃችሁ። ኮሜርስ በመጀመሪያው ዓመት የምንማረው ነገር ነው። ሁለት ጎረቤታም አኃዞች ቦታ ሲለዋወጡ ልዩነቱ ሁልጊዜ ለዘጠኝ ይካፈላል። 270 ለዘጠኝ ሲካፈል 30። ያለ ትርፍ። እኔ ግን አላካፈልኩም። ገንዘብ ያዧ ፈቃድ ላይ ነበረች። የደረሰኙ ቀሪ ግን ከኋላዬ መደርደሪያ ላይ ነበር። ተነስቼ ሁለት እርምጃ ብሄድ አገኘው ነበር። አልተነሳሁም። የእኔ እጅ ጽሑፍ እንዴት ይሳሳታል!

ለአለቃዬ ነገርኩ። ሼኽዬ ተጠሩ። እስከዚያ ቀን አንቱ ነበር የምላቸው። ያን ቀን «ብሩን ምን አደረግከው?» አልኩ። በዕድሜ አባቴ የሚሆኑትን ሰው። እሳቸው ግን አልተቆጡብኝም። «እንደታሰረ ነው ያመጣሁት፣ አላህ ያውቃል» አሉ። ደግመን ጠየቅናቸው። ያንኑ አሉ። ሦስተኛ ልንጠይቅ ስንል መስኮቱን አየት አድርገው «ሰላቴ እንዳያልፈኝ፣ መለስ ልበል?» ብለው አለቃዬን አስፈቀዱ።

ደሜ ፈላ። ሰው በሌብነት ተጠርጥሮ እንዴት ሰዓት ያያል? ዘና ያሉት ስለሰረቁ ነው አልኩ በልቤ። ከሳቸው ይልቅ ያናደደኝ ያ እርጋታቸው ነበር። እኔ በ270 ብር ራሴን ሲወጋኝ እሳቸው ማንቆርቆሪያ ይሞላሉ። መስኮቱን ከፈትኩና ግቢው ሁሉ እንዲሰማ «ይሰርቃል፣ ይሰግዳል!» አልኩ።

እየሰገዱ ነበር። አልዞሩም። አራቱን ረከዓ አንዱንም ሳያጣድፉ ጨረሱ። የሚሰግድ ሰው አይታችሁ ከሆነ ፍጻሜው ላይ ፊቱን መጀመሪያ ወደ ቀኝ ያዞራል፣ ሰላምታ ይሰጣል፣ ከዚያ ወደ ግራ። በቀኝ በኩል እኔ ነኝ ያለሁት። መስኮቱ እንደተከፈተ ነው። «አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ» አሉ። የሰላቱ ሥርዓት እንደሆነ አውቃለሁ። ወሎ ተወልጄ፣ የእናቴ አያት ሙስሊም ሆነው፣ ይህን ሳላውቅ አልቀርም። ያን ቀን ግን ለእኔ የተባለ መሰለኝ። መስኮቱን ዘጋሁት።

ከደመወዛቸው በየወሩ 15 ብር እንዲቆረጥ ተወሰነ። አሥራ ስምንት ወር መሆኑ ነው። የየካቲት ተቆረጠ። የመጋቢትም ተቆረጠ። እሳቸው ጠዋት እንደ ወትሯቸው «እንዴት አደርክ ልጄ» ይሉኛል። ቡና ሲፈላ ጀባ ይሉኛል። እኔ አንገቴን ነቅነቅ አድርጌ አልፋለሁ።

መጋቢት መጨረሻ ላይ የባንክ ስቴትመንት መጣ። ባንክ የገባው 4,630 ነው። ያኔ ተነሳሁና ቀሪውን አየሁ። 4,630። ቁልጭ ብሎ። የገለበጥኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን የተሰማኝን ብነግራችሁ ደስ ባለኝ፤ እውነቱ ግን የተሰማኝ ፍርሃት ነው። አለቃዬ ምን ይለኝ ይሆን ብዬ። አለቃዬ ምንም አላለም። «አስተካክለው» አለ። አንድ የማስተካከያ መስመር ጻፍኩ። 30 ብሩ ከሚያዝያ ደመወዝ ጋር ተመለሰላቸው። ሥራው ባንክን ከመዝገብ ማስታረቅ ይባላል። አስታረቅኩ።

በማግስቱ ሼኽዬ ራሳቸው ቢሮዬ መጡ። «ብሩ ተገኘ አሉኝ፣ አልሐምዱሊላህ። አንተም ከሐሳብ ወጣህ» አሉኝ። ወሎዬ አንድ ቃል አለው። አፉ በለኝ ይላል፣ ይቅር በለኝ ማለቱ ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይለዋል። ልጅ እንኳ የሰው እግር ሲረግጥ ይላል። አፌ ላይ ነበረ። «አዎ፣ ተገኘ» አልኩ። ነገ እላለሁ አልኩ። ነገ ሲሆን ሰው ነበረ። ከዚያ ወዲያ ጊዜው ያለፈበት መሰለኝ። በ1981 ወደ አዲስ አበባ ተዛወርኩ። ስሄድ ግቢው በር ድረስ ሻንጣዬን ተሸክመው ሸኙኝ። ያኔም አላልኩም።

የእኔ ጭንቀት የጀመረው አዲስ አበባ ነው። ጨጓራ፣ ራስ ምታት፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብንን። ሐኪሙ ቡና ተው አለኝ። እናቴ የሞተች ጊዜ ዳዊቷን ከነማኅደሩ ወስጄው ነበር፤ እንደ ዕቃ ነው የወሰድኩት። አንድ ሌሊት አወጣሁት። ዳዊት ለሳምንቱ ቀናት ተከፍሎ ይደገማል፣ የዛሬ ልጆች ይህን ላታውቁ ትችላላችሁ። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ እንዲህ እያለ ቅዳሜ 150ው ያልቃል። እሑድ የነቢያት መኃልይ ነው። እኔ ግዕዙ ስለማይገባኝ በአማርኛ ያዝኩ። መጀመሪያ እንቅልፍ እንዲያመጣልኝ ነበር። አመጣልኝም። ከዚያ ማክሰኞ መጣ። 50ኛው መዝሙር የማክሰኞ ነው፣ የዳዊት ንስሐ። እሱ ጋ ስደርስ ያ መስኮት ይከፈታል። በየሳምንቱ። ማክሰኞን መዝለል ሞክሬ አውቃለሁ። ሳምንቱ ሁሉ ይበላሻል።

እንግዲህ ወደ ጥያቄሽ። ጸልዪ፣ ጹሚ አልልሽም፤ ታደርጊዋለሽ። የንስሐ አባትሽን አማክሪ ማለትም የእኔ ሥራ አይደለም። የማየውን ልንገርሽ። እናንተ ልጆች ጸሎትን እንደ ፓራሲታሞል ትውጡታላችሁ። ሲያም ብቻ። በግማሽ ሰዓት ካልሠራ ሌላ ትቀይራላችሁ፤ ዛሬ ሰባኪ፣ ነገ ቲክቶክ ላይ ያለ ሌላ ሰባኪ፣ ከነገ ወዲያ በጆሮ ማዳመጫ የሚሰማ ሜዲቴሽን። የወንድሜ ልጅ ስንት ቀን ሳያቋርጥ እንደጸለየ የሚቆጥርለት ነገር ስልኩ ላይ ጭኗል። 112 ቀን ሞልቶታል። «ጸሎት ይቆጠራል እንዴ!» ብዬ ልቆጣው አፌን ስከፍት እጄን አየሁት። መቁጠሪያ ይዣለሁ። እኔም እግዚኦታዬን 41 እያልኩ የምቆጥር ሰው ነኝ። ዝም አልኩ።

ሼኽዬ እርጋታቸውን ያን ቀን እንዳላመጡት የገባኝ ዘግይቼ ነው። ያን ቀን ብቻ ቢሰግዱ ኖሮ እንደ እኔ ይጮኹ ነበር። በዝናቡም፣ ደመወዝ በወጣ ቀንም፣ ደስ ባላቸውም ባላላቸውም ቀን ያንኑ ውሃ፣ ያችኑ አጎዛ። የእኔ ክስ መጥቶ ያገኛቸው መንገድ ላይ ነው። አሳልፈውኝ ሄዱ። ለዚህ ነው ሰዓት ያዢ የምልሽ። የትኛውም ሰዓት ይሁን። ሥራሽ ቢቋረጥ ይቋረጥ። ስሜትሽን አትጠብቂ፤ እጅሽን ታጠቢ፣ ቁሚ፣ ጀምሪ። ልብ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው የሚደርስ፤ አንዳንድ ቀን ጭራሽ አይመጣም።

መቀበልን በተመለከተ፣ ለብዙ ዓመታት ሼኽዬ ዝም ማለታቸውን ነበር የማደንቀው። ወጣቶችን ስመክርም ምሳሌ አደርጋቸው ነበር። ስማቸውን ሳልጠራ፣ የእኔንም ድርሻ ሳልናገር። ባለፈው ሌሊት ግን ሌላ ነገር ታየኝ። ያን ዝምታ የማደንቀው ለእኔ ስለተመቸኝ ቢሆንስ? ያኔ አንድ ሰው «ሼኽዬ፣ አቤቱታ ይጻፉ፣ ቀሪው ይውጣ ይበሉ» ቢላቸው ኖሮ በአንድ ቀን ያልቅ ነበር። የልጆቻቸው ዳቦ ሁለት ወር ባልጎደለ ነበር። ስለዚህ እኔን ከጠየቅሽኝ አቤቱታሽን ጻፊ። በሥርዓት፣ ቀንና ቁጥር ጠቅሰሽ። ጽፈሽ ስትጨርሺ ሰዓትሽ ከደረሰ ሄደሽ ጸልዪ። ሁለቱ አይጣሉም። ደግሞ የራስሽን ቀሪ አገላብጪ። አንቺ ያለቀስሽበት ቢሮ ውስጥ በአንቺ ያለቀሰ ሰው ሊኖር ይችላል። ላይኖርም ይችላል። እኔ ከዚያ ወዲህ በ30 ዓመት ሥራዬ ጉድለት በተገኘ ቁጥር ሰው ከመጥራቴ በፊት ለዘጠኝ አካፍያለሁ።

የዛሬ ሦስት ዓመት ለሠርግ ደሴ ሄጄ ነበር። የወሎ ሠርግ እንደምታውቁት ነው፣ ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም ለየብቻ ይታረዳል፣ ዘመዱ ግን አንድ ነው። ከድሮ ባልደረቦቼ አንዱ የሼኽዬ ልጅ ገበያ አካባቢ የፕላስቲክ ዕቃ ሱቅ እንዳለው ነገረኝ። ሄድኩ። ፊቱ ቁርጥ አባቱን ነው። ከአባትህ ጋር ሠርቼ ነበር አልኩት። ደስ አለው፣ በርጩማ ጠረገልኝ። «አባባ ስለዚያ ቢሮ ሲያወራ ደስ ይለው ነበር» አለኝ። ስለ ብሩ ነገር ሰምቶ እንደሆነ ዙሪያ ጥምጥም ጠየቅኩት። አልሰማም። ለልጆቻቸው ጭራሽ አልነገሯቸውም። እንግዲህ አፉ በለኝ ለማለት መጀመሪያ አባትህን ሌባ ብዬ ነበር ልለው ነው። ልጁ ሻይ አዘዘልኝ። ሻዩን ጠጣሁ። አንድ ማንቆርቆሪያ ገዛሁ። ሒሳብ አልቀበልም ብሎኝ በግድ ከፈልኩ።

ማንቆርቆሪያዋ ቤት አለች፣ አረንጓዴ ናት። ባለቤቴ አበባ ታጠጣባታለች። አዲስ አበባ የሞላ ዕቃ ከደሴ ድረስ ተሸክሜ መምጣቴ እስካሁን ያስቃታል።