ቤታችን ቅርስ ነው ተባለ፤ ማፍረስም ማደስም ተከለከልን

ጥያቄ፦ አራት ወንድማማቾችና እኅትማማቾች ነን። ባሕር ዳር ከሐይቁ ብዙም ሳይርቅ አባታችን ያወረሰን፣ በጣሊያን ጊዜ የተሠራ የድንጋይ ቤት አለን። ካርታው እስካሁን በአባታችን ስም ነው። ከዓመታት በፊት ባለሙያዎች መጥተው ለክተውና ፎቶ አንስተው ሄዱ፤ ደብዳቤ ግን አልሰጡንም። አሁን ጣሪያው ያፈሳል። አፍርሰን ፔንሲዮን ለመሥራት ፈቃድ ስንጠይቅ «ቅርስ ነው፣ አይነካም፤ አካባቢውም በዩኔስኮ የተመዘገበ ነው» ተባልን፤ ያውም በቃል። ታላቅ ወንድማችን ቆርቆሮውን እናንሳውና ክረምቱ ራሱ ይጣለው ይላል። አሜሪካ ያለችው እኅታችን ደግሞ እዚያ ኮሚሽን ተሰይሞ ባለቤቱን ሳይሰማ አይወስንም ትላለች። ቤቱ ከእጃችን ወጣ ማለት ነው? ማደሻውንስ ማን ይከፍላል?
ስሜ ይቆየኝ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ከሁሉ አስቀድሞ ቆርቆሮው አይነሳ። ወንድምዎ ይህን ያሉት ተስፋ ቆርጠው እንደሆነ ይገባኛል። ነገር ግን ቅርስን ሆን ብሎ ማፍረስ ወይም እንዲበላሽ ማድረግ ረጅም እስራት የሚያስከትል ወንጀል ነው፤ «የገዛ ቤቴን ነው» የሚለው መከላከያም አያድንም። አራታችሁ ተመካክራችሁ ካደረጋችሁት ደግሞ ጉዳዩ የአንድ ሰው ብቻ ሆኖ አይቀርም። ቤቱ ቅርስ አለመሆኑ ኋላ ቢረጋገጥ እንኳ ያለ ፈቃድ ማፍረስ በሕንፃ ሕጉ ያስጠይቃል።

ቤቱ ከእጃችሁ አልወጣም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በአንቀጽ 14 ቅርስ በመንግሥትም ሆነ በማንኛውም ሰው ባለቤትነት ሥር ሊሆን እንደሚችል ይደነግጋል። ይህን አጥብቄ የምናገረው ቤት ተመዘገበ ሲባል ብዙ ቤተሰብ ወዲያው አዋጅ ቁጥር 47/1967ን ስለሚያስታውስ ነው። ያ አዋጅ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ የቅርስ ምዝገባ ግን እንዲህ ያለ ውጤት የለውም። መሬቱ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ በላዩ ያለው ቤት የእናንተ ነው። መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም እወስደዋለሁ ካለ በዚያው አንቀጽ ንዑስ አንቀጽ 8 ተመጣጣኝ ካሳ አስቀድሞ መክፈል አለበት።

የሚጠበው በቤቱ ላይ እንደ ልብ የማዘዝ ነፃነታችሁ ነው። የቅርስ ባለቤት ቅርሱን በራሱ ወጪ የመንከባከብ ግዴታ አለበት፤ አንቀጽ 18 ይህን ይላል። በአንቀጽ 19 መሠረት ማንኛውም የጥበቃና የእድሳት ሥራ የሚሠራው በቅድሚያ ፈቃድ ተገኝቶ ነው። ለመሸጥ ከፈለጋችሁም አስቀድማችሁ ማሳወቅ ይኖርባችኋል፤ መንግሥት ቀድሞ የመግዛት መብት አለው።

እንግዲህ «አይነካም» የተባላችሁት ከየት መጣ? አዋጁ እንዲህ አይልም። ሳታስፈቅዱ አትንኩ ነው የሚለው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለእናንተ ትልቅ ነው፤ ፈቃድ የሚሰጥ አካል ካለ ጥያቄያችሁን ተቀብሎ፣ መርምሮ፣ ከነምክንያቱ የመመለስ ግዴታም አለበትና። በቃል የተነገራችሁን ነገር እንደ ውሳኔ አትቁጠሩት፤ ይግባኝ ልትሉበት እንኳ አትችሉም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራችሁ ጥያቄውን በጽሑፍ ማቅረብ ነው። ለክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ በግልባጭም ለከተማው አቻ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጻፉ፦ ቤቱ ተመዝግቧል ወይ? ከተመዘገበ መቼ፣ በማን፣ በስንት ቁጥር? የመዘገቡበት ቅጽ ኮፒ ይሰጠን። ደረጃውንም ጠይቁ። በአዋጅ ቁጥር 839/2006 ቅርሶች በብሔራዊና በክልላዊ ደረጃ ስለሚመደቡ፣ ጉዳያችሁ አዲስ አበባ ወዳለው የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ይሂድ ወይስ እዚያው ባሕር ዳር ይለቅ የሚለው በዚህ ይወሰናል። ደብዳቤውን መዝገብ ቤት አስገቡና የእናንተ ኮፒ ላይ ቀንና ቁጥር ሳይመታበት እንዳትወጡ።

ባለሙያዎቹ ያን ጊዜ ለክተው የሄዱት ለዳሰሳ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ዳሰሳ ደግሞ ምዝገባ አይደለም። ሆኖም «አልተመዘገበም» የሚል መልስ ብታገኙ ወዲያው አፍራሽ ሠራተኛ አትጥሩ። አዋጁ ቅርስን የሚተረጉመው በታሪካዊ፣ በባህላዊና በኪነ ጥበባዊ ፋይዳው እንጂ በመዝገብ ቁጥሩ ብቻ አይደለም። በዚያ መልስ ላይ ተመሥርታችሁ የማፍረስ ፈቃዱን በጽሑፍ ጠይቁ።

የዩኔስኮው ነገር ተደበላልቋል። የጣና ሐይቅ አካባቢ በ2007 ዓ.ም. የተመዘገበው በባዮስፌር ሪዘርቭነት ነው፤ ሰውና ተፈጥሮ ተስማምተው የሚኖሩበት አካባቢ እንደማለት። የጎንደሩ ፋሲል ግቢ ያለበት የዓለም ቅርስ መዝገብ ሌላ ነው። ቤቱ ባዮስፌሩ ውስጥ መሆኑ ብቻ እድሳት አያስከለክልም። ለሐይቁ ቅርብ ስለሆናችሁ ግን የከተማው ፕላን በዳርቻው ምን እንደሚፈቅድና እንደሚከለክል ከፕላን ክፍሉ አረጋግጡ። ፕላኑ በእናንተ መንገድ ላይ ፎቅ የሚያስገድድ ሆኖ የቅርስ ክፍሉ ደግሞ አትንኩ የሚል ከሆነ፣ ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች ተነጋግረው አንድ መልስ እንዲሰጧችሁ ያንኑ በደብዳቤ ጠይቁ። የሁለት ቢሮዎችን ተቃራኒ ትእዛዝ ተሸክሞ መመላለስ የባለ ንብረቱ ዕዳ መሆን የለበትም።

እኅትዎ ያለችው እውነት ነው። ኒው ዮርክ ታላቁ የፔንሲልቫኒያ ባቡር ጣቢያዋ መፍረስ ከጀመረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 የታሪካዊ ሕንፃዎች ጥበቃ ኮሚሽን አቋቋመች። 11 አባላት አሉት፤ አርክቴክቶች፣ የታሪክ ባለሙያና የከተማዋ ልዩ ልዩ ክፍሎች ነዋሪዎች ይገኙበታል። አንድ ሕንፃ ቅርስ ተብሎ ከመሰየሙ በፊት ለሕዝብ ክፍት የሆነ ስብሰባ ይጠራል፤ ባለቤቱም ጎረቤቱም ይናገራል። ባለቤቱ ግን ስላልወደደ ብቻ ሕንፃው ሳይሰየም አይቀርም። የግራንድ ሴንትራል ባቡር ጣቢያ ባለቤቶች በላዩ ረጅም ሕንፃ እንዳይሠሩ ኮሚሽኑ ሲከለክላቸው «ንብረታችን ያለ ካሳ ተወሰደ» ብለው እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተከራከሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ተረቱ። ፍርድ ቤቱ ክልከላው ጣቢያውን እንደ በፊቱ መጠቀማቸውን እስካልከለከላቸው ድረስ ንብረቱ አልተወሰደም አለ። ይህ ውሳኔ እኛን አያስገድድም፤ ጥያቄው ግን የእናንተው ነው።

በእኛ አገር ውሳኔው የመሥሪያ ቤት ነው። የ1992ቱ አዋጅ ባለቤቱ በአደባባይ የሚሰማበትን ሥርዓት አልዘረጋም። ይህ ጉድለት ነው፤ ባሕር ዳር የነዋሪውንና የባለሙያውን ድምፅ አንድ ላይ የሚያደምጥ ጉባኤ ያስፈልጋታል ብዬ አምናለሁ። ቅርስ ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ገዳማት፣ ወይም በጊዮርጊስ ቅጥር ግቢ ውስጥ ወዳለው የስፔናዊው ሚሲዮናዊ የፔድሮ ፓኤዝ ሥራ ነው ወደሚባለው የድንጋይ ሕንፃ ይሄዳል። ከጣሊያን ወረራ በፊት ግን ባሕር ዳር የጊዮርጊስን ደብር የከበበች ትንሽ መንደር ነበረች። ወደ ከተማነት ስትሸጋገር የቆሙት ቤቶች ያን ታሪክ የሚያሳዩ ናቸው፤ ብዙም አይደሉም። የእናንተ ቤት ቢፈርስ ሌላ አይተካውም። ይህን የምለው መብታችሁን ለማሳነስ አይደለም። እንዲህ ያለውን ቤት ጠብቆ ያቆየ ቤተሰብ በቃል መልስ ሊሸኝ አይገባውም ለማለት ነው።

ፔንሲዮኑን አትተዉት። የግቢያችሁ ስፋት ከፈቀደ አሮጌው ቤት ታድሶ እንግዳ መቀበያና ምግብ ቤት ቢሆን፣ መኝታ ክፍሎቹ ከኋላ በአዲስ ቢሠሩስ? «ላፍርስ» የሚለውን ማመልከቻ «ላድስና በጓሮ ልገንባ» ወደሚለው ብትለውጡት የመፈቀድ ዕድሉ በጣም ይሰፋል። ንድፉን ቅርስ የሚያውቅ አርክቴክት ይሥራው። ግድግዳው በኖራ የተሠራ ከሆነ ሲሚንቶ አትለጥፉበት፤ እርጥበቱን ውስጥ አፍኖ ድንጋዩን ይበላዋል።

ወጪው በመርህ ደረጃ የእናንተ ነው። ነገር ግን አንቀጽ 19 የእድሳቱ ወጪ ከባለቤቱ አቅም በላይ ሲሆን መንግሥት የወጪውን ከፊል እስከመሸፈን የሚደርስ እርዳታ ሊያደርግ እንደሚችል ይናገራል። «ሊያደርግ ይችላል» ነው እንጂ «ያደርጋል» አይደለም፤ ስለዚህ ማሳመን የእናንተ ሥራ ነው። የመሐንዲስ የወጪ ግምት፣ የጉዳቱን ፎቶና የገቢያችሁን ማስረጃ አያይዛችሁ ጠይቁ። በቃል ጠይቀው ያገኙ ሰዎች አላጋጠሙኝም።

ይህን ሁሉ ለማድረግ ግን በሕግ የምትታወቁ ባለቤቶች መሆን አለባችሁ። ካርታው በአባታችሁ ስም እያለ የምታስገቡት ማመልከቻ ገና ከበሩ ሊመለስ ይችላል። ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ አውጡ፣ ስሙን አዛውሩ፣ ውጭ ያለችው እኅታችሁም ውክልና ትላክ። የጋራ ንብረትን ለመሸጥም ሆነ አገልግሎቱን ለመለወጥ የሁሉም ስምምነት ያስፈልጋል፤ አንዱ ብቻውን የሚፈርመው ውል ኋላ ያጣላችኋል።

መልስ ከተነፈጋችሁ ወይም ያለ ምክንያት ከተከለከላችሁ በመሥሪያ ቤቱ ቅሬታ ሰሚ ጀምሩ፤ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ማመልከትም ይቻላል። የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የፌዴራል ተቋማትን ስለሚመለከት በክልል ቢሮ ላይ በቀጥታ አትጥቀሱት፤ ጉዳዩ ወደ ፌዴራሉ ባለሥልጣን ከሄደ ግን ይጠቅማችኋል። ፍርድ ቤት የመሄድ መብታችሁ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 የተጠበቀ ነው።

ክረምቱ ይህን ሁሉ አይጠብቅም። ለጊዜው ሚስማር በግድግዳው ላይ ሳትመቱ ጣሪያውን በሸራ ሸፍኑት፤ ከመሸፈናችሁ በፊትና በኋላ ፎቶ አንሱ። በዚያኑ ቀን «ቤቱን ከዝናብ ለመጠበቅ ይህን አድርገናል፣ ለቋሚ ጥገናው ፈቃድ በአስቸኳይ ይሰጠን» የሚል ደብዳቤ አስገቡ። ቀኑና ቁጥሩ የተመታበትን ኮፒ ከካርታው ጋር አንድ ላይ አስቀምጡት።