ደሴ ላይ፣ ቤት ውስጥ፣ ትልቅ አሳ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አነበብኩት። ደሴ ባዶ ክፍል አለህ። ወለሉን ሳትቆፍር 3 ሜትር በ2 ሜትር፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር የሆነ ገንዳ በጣውላ ሠርተህ ጂኦሜምብሬን (ውሃ የማያሳልፍ ወፍራም ፕላስቲክ) ልታለብሰው አስበሃል። ከሐይቅ አምባዛና ቆሮሶ በሕይወት አምጥተህ ልታሳድግ ነው። "ይሆናል ወይ?" ብለሃል። አብሽር፣ ይሆናል። አሳውን ግን ቀይር።

እኔ ያለሁት ኮምቦልቻ ነው። አምባዛም ካርፕ የሚባለው አሳም አለኝ። እዚህ እንኳን በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ሲበርድ አምባዛው ምግብ ይቀንሳል። ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር አካባቢ ነው። ቆሮሶ የሚስማማው ከ27 እስከ 30 ዲግሪ ነው። ወደ 16 ሲወርድ መብላት ያቆማል፣ ወደ 10 ሲጠጋ ይሞታል። ያን ሁሉ ውሃ በመብራት አሙቀህ አትዘልቀውም። ካርፕ ግን ብርዱን ይችላል። ሲቀዘቅዝ ምግቡን ቀንስለት እንጂ ለብርዱ አትስጋለት።

አሁን ወደ ገንዳው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 10 ኩንታል ይመዝናል። ያንተ 6 ሜትር ኩብ ነው፣ ማለትም 60 ኩንታል። ስለዚህ ምድር ቤት ካልሆነ በፍጹም እንዳትሞክረው። ረጅሙን ግድግዳ ብቻ ውሃው በ15 ኩንታል ያህል ኃይል ይገፋዋል። ጥልቀቱን እጥፍ ብታደርገው ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ቀጭን ጣውላ በሚስማር አይችለውም። እኔ ብሎኬት በፌሮ ነው የምመርጠው። በእንጨት ከሆነ ወፍራም ቋሚ አቀራርበህ ትከል፣ ዙሪያውንም በብረት እሰረው። ፕላስቲኩ ልብስ እንጂ ግድግዳ አይደለም። ከሥሩ አሮጌ ብርድ ልብስ ወይም ምንጣፍ አንጥፍ፣ አንዲት ጠጠር ትበሳዋለች።

ዋናው ነገር ግን ማጣሪያው ነው። ትልቅ አሳ ብዙ ይበላል፣ ብዙ ያቆሽሻል። የሚያወጣው አሞኒያ ራሱን ይመርዘዋል። አሞኒያውን ብዙ ወደማይጎዳ ነገር የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ናቸው፣ መኖሪያም ይፈልጋሉ። በርሜል ውስጥ የታጠበ ጠጠር ወይም የሃይላንድ ክዳን ሞልተህ ውሃውን በፓምፕ አዙርበት። ባክቴሪያዎቹ ለመርባት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጅባቸዋል፣ በብርድ ደግሞ ከዚያም ይረዝማል። እስከዚያ ጥቂት ትንንሽ አሳ ብቻ አስገባ፣ ትልልቁ ይቆይ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው በሌላ በርሜል አየር እየነፋህበት አሳድረውና ጨምር። ውሃውን ባንዴ ሁሉንም አትቀይር።

መብራት ሲጠፋስ? አምባዛ ወደ ላይ ወጥቶ አየር ይስባል፣ ስለዚህ ያን ያህል አያስጨንቅም። ካርፕ ይህ የለውም። እንደ ደሴ ከፍታ ባለ ቦታ ደግሞ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ከባሕር ወለል አካባቢ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ባትሪ ያለው የአየር ፓምፕ ሳትገዛ አሳ እንዳትገዛ፣ አደራ!

ከላይ መረብ ዘርጋበት። ካርፕ ይዘላል፣ በተለይ አዲስ ቦታ የገባ ሰሞን። መስኮቱም ይከፈት። የተዘጋ ክፍል ውስጥ ያለ ገንዳ ሌት ተቀን እርጥበት ይለቃል፣ የጭቃ ቤት ከሆነ ግድግዳውን ያበሰብሰዋል። ጣውላውን ከመግዛትህ በፊት የክፍሉ ግድግዳና ወለል ከምን እንደተሠራ እዚሁ ጻፍልኝ፣ አብረን እናየዋለን።