ኮምፒውተሩ ላይ ፊርማዬ የት አለ?

ልጆች፣ ዳታቤዝ ላይ አካውንት መክፈት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። እኔም ለዓመታት እንደዚያ እያሰብኩ ነው የሠራሁት። የነቃሁት አንዲት ሴት ካስለቀስኩ በኋላ ነው።

ኤስኪውኤል ሰርቨር በሚባለው የማይክሮሶፍት ዳታቤዝ ላይ «ኤስኤ» የሚባል አካውንት አለ። ሁሉን ማድረግ ይችላል። የመሥሪያ ቤታችንን የንብረት ፕሮግራም ስንዘረጋ ሁሉም ሰው በእሱ ይገባ ነበር። ፓስወርዱ የአንዱ ሞኒተር ጥግ ላይ ተለጥፏል። እ.ኤ.አ. በ2002 ስፓይዳ የሚባል ዎርም (ራሱን እያባዛ የሚሰራጭ ጎጂ ፕሮግራም) ፓስወርድ የሌለውን «ኤስኤ» እያሰሰ በየሰርቨሩ ሲገባ፣ እኛ «ፓስወርድ አለን» ብለን ኮርተናል!

አንድ ሰኞ ጠዋት የሁሉም ዕቃ ቀሪ 40 ሆኖ አደረ። ወረቀት 40፣ ቶነር 40፣ የመኪና ጎማ 40። «የለወጠው» የሚለውን ዓምድ ከፍቼ አየሁ። ከላይ እስከ ታች ኤስኤ፣ ኤስኤ፣ ኤስኤ።

ጣት የተቀሰረው በዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛዋ ላይ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ቆጠራ ትንሽ ጭቅጭቅ ነበራ። እሷም ጥራዞቿን ተሸክማ መጣች። ገቢ ያደረገችበት ሞዴል 19፣ ወጪ ያደረገችበት ሞዴል 22። ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈችውና «እዚህ ላይ ፊርማዬ ይኸው። ኮምፒውተሩ ላይ ፊርማዬ የት አለ?» አለችኝ። እንባዋ ይወርድ ነበር። መልስ አልነበረኝም።

በሦስተኛው ቀን የራሴን ማሽን ስፈትሽ ዓርብ ማታ የጻፍኳት አንዲት ትእዛዝ ተገኘች። የአንድ ዕቃ ቀሪ ላስተካክል «አፕዴት» (ለውጥ) ጽፌ፣ የትኛው ዕቃ እንደሆነ የምትለየውን «ዌር» ረስቻለሁ። እኔው ነኝ። ሄጄ ለኃላፊው ተናገርኩ፤ መረጃውን ከባክአፕ መለስነው። የሦስት ቀኑን ሐሜት ግን ከየትም ባክአፕ አልመልሰውም።

ስለዚህ አንድ ሥራ አስኪያጅ «ለምን ሁሉን አልከፈትክልኝም፣ አላመንከኝም?» ብሎ ሲቆጣችሁ አትደንግጡ። ያልነካውን ነገር ነካህ እንዳይባል እንደሆነ ንገሩት። እኔ እንዲህ ስላቸው አብዛኞቹ ይበርዳሉ። ያልበረደም አጋጥሞኛል።

ፈቃድ ስታከፋፍሉ ከወረቀቱ ሥራ ተማሩ። የመሥሪያ ቤት ወግ ጠያቂን፣ ፈቃጅንና አስረካቢን ለየብቻ ያስቀምጣል። ሞዴል ሲበላሽ «ተሰርዟል» ተብሎ ይጻፍበታል እንጂ ተቀዶ አይጣልም። ዳታቤዙም ላይ እንደዚያው ነው። የንብረት መዝገቡ ላይ «ዲሊት»፣ ማለትም የመሰረዝ ፈቃድ፣ ለማንም አትስጡ፤ ስህተት በማስተካከያ መዝገብ ይታረም።

ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ ላይ ከሆናችሁ መጀመሪያ በሥራው ስም ሮል (ፈቃድ የሚሰበሰብበት የሥራ ድርሻ) ፍጠሩ፤ ገቢ አድራጊ፣ ወጪ አድራጊ፣ ተመልካች። እነዚህ ራሳቸው ሎግኢን አያደርጉም። ፈቃዱን ለሮሉ ስጡ፣ ሰውየውን በስሙ አካውንት ከፍታችሁ ሮሉ ውስጥ አስገቡት። ወደ ግዥ ክፍል ሲዛወር ከአንዱ አውጥቶ ሌላው ውስጥ ማስገባት ብቻ ነው። ሌላው ዳታቤዝ ማይኤስኪውኤልም ከስሪት 8.0 ጀምሮ ሮል አለው። እዚያ ግን ስም ብቻውን አካውንት አይደለም፤ የሚገናኝበት ማሽንም አብሮ ይቆጠራል። ስለዚህ አንድ ስም ሁለት አካውንት ሊሆን ይችላል። አንዱን ዘግታችሁ ሌላው ክፍት እንዳይቀር።

አሁን ፖስትግሬስ ላይ ብዙ ልጆች የሚወድቁበትን ጉድጓድ ላሳያችሁ። ለሪፖርት ክፍል «በስኪማው (ሠንጠረዦች በሚሰበሰቡበት ክፍል) ያሉ ሠንጠረዦችን ሁሉ ያንብብ» ብላችሁ ግራንት፣ ማለትም ፈቃድ፣ ትሰጣላችሁ። ይሠራል። ከወር በኋላ አዲስ ሠንጠረዥ ይጨመራል፣ ሪፖርቱም «ፐርሚሽን ዲናይድ»፣ ፈቃድ የለህም፣ ይላል። ያ ግራንት የሚያውቀው በዚያች ሰዓት የነበሩትን ብቻ ነውና። ስልክ ይደወላል፣ አለቃ ይቆማል፣ ልጁ ተጨንቆ ለሪፖርት አካውንቱ ሱፐርዩዘር፣ ሁሉን የሚያስችል ሥልጣን፣ ይሰጣል። «ለጊዜው ነው» ይላል። ያ «ለጊዜው» አምስት ዓመት ቆይቶ አይቻለሁ። መፍትሔው «ኦልተር ዲፎልት ፕሪቪሌጅስ» የምትለዋ ትእዛዝ ናት፤ ለወደፊት ሠንጠረዦች ከአሁኑ ፈቃድ ታስቀምጣለች። እሷም ብትሆን የምትሠራው ሠንጠረዡን ለሚፈጥረው ሮል ከተነገረች ነው። ሌላ ሮል ከፈጠረው አታውቀውም። እዚህ ላይ እኔም አንድ ሙሉ ከሰዓት አቃጥያለሁ።

ፕሮግራሙ ራሱ የሚገናኝበትንም አካውንት እንዳትረሱት። የሠንጠረዦቹ ባለቤት መሆን የለበትም። መዋቅር የሚቀይር አካውንት ለብቻው ይሁን።

ደግሞ ሰው ሥራ ሲለቅ አለ። በእኛ ቤት የክሊራንስ ወረቀት በየክፍሉ ይዞራል። ቤተ መጻሕፍት ይፈርማል፣ ንብረት ክፍል ይፈርማል፣ ሒሳብ ይፈርማል። ዳታቤዝ የሚል መስመር ግን አልነበረም። የለቀቁ ሰዎች አካውንት እንደተከፈተ ይኖር ነበር። ተከራክሬ መስመሯን አስጨመርኩ። ለለቀቀ ሰው መጀመሪያ ሎግኢኑን ዝጉ፤ ለመሰረዝ አትቸኩሉ። በስሙ የተፈጠረ ሠንጠረዥ ካለ ፖስትግሬስ አልሰርዝም ይላችኋል፤ ባለቤትነቱን ለሌላ ማዛወር አለባችሁ።

ጡረታ ስወጣ እኔም ወረቀቷን ይዤ ዞርኩ። የመጨረሻዋ መስመር ያቺ ነበረች። ያስተማርኳት ልጅ አካውንቴን ፊቴ ዘጋችና ኪቦርዱን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። «እስቲ ይሞክሩት ጋሼ» አለችኝ። ሞከርኩ። አልገባም አለ። ፈረመችልኝ።