ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ሌሊት ባቴን ጨምድዶ የሚይዘኝ የሽባነት መነሻ ይሆን?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 61 ነው። አራት ኪሎ አካባቢ ባለችኝ ሱቅ ቀኑን ሙሉ ቆሜ እውላለሁ። ከሁለት ወር ወዲህ ሌሊት ሌሊት ባቴን ጨምድዶ ይይዘኝና ጮኼ እነቃለሁ፤ አንዳንዴም የእግሬ ጣቶች ይጣመማሉ። ለደም ግፊት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ እወስድ ነበር፤ ጎረቤቴ «ከሰውነትሽ ጨው የሚያሟጥጠው እሱ ነው» ስላለችኝ ከሦስት ሳምንት በፊት አቁሜ ማታ ማታ ኦአርኤስ በጥብጬ እጠጣለሁ። ታላቅ እህቴ በስትሮክ ግማሽ ጎኗ ሽባ ሆኗል። የእኔም በዚህ እንዳይጀምር ፈርቻለሁ።

መልስ፦ እናታችን፣ ከፍርሃትዎ ልጀምር። ሌሊት ባትን የሚይዘው የጡንቻ መሸማቀቅ የስትሮክ መነሻ አይደለም፤ ወደ ሽባነትም አይለወጥም። በስትሮክ ጊዜ የአንድ ጎን እጅና እግር በድንገት ይዝላል፣ ፊት ይጣመማል፣ አንደበት ይተሳሰራል፤ የዛለው እጅና እግር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አያምም። የእርስዎ የዚህ ተቃራኒ ነው። ጡንቻው ያለ ፈቃድዎ ከመጠን በላይ ተኮማትሮ ይጠጥራል፣ ከጥቂት ሰከንድ እስከ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ይለቃል፣ ከለቀቀዎ በኋላም ቆመው ይሄዳሉ። ዕድሜያቸው በገፋና ቀኑን ቆመው በሚውሉ ሰዎች ላይ በብዛት የሚታይ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ይህ ነው የሚባል ምክንያት አይገኝለትም።

ደብዳቤዎን ሳነብ ያስደነገጠኝ ባትዎ ሳይሆን የግፊት መድኃኒትዎን ማንንም ሐኪም ሳያማክሩ ማቆምዎ ነው። ለስትሮክ ከሚያጋልጡ ነገሮች ዋነኛው ከፍተኛ የደም ግፊት ነው፤ እህትዎ ታመው ደግሞ ለእርስዎ ይህ ሊነገርዎ ባልተገባ ነበር። ግፊት በአብዛኛው ምልክት ስለማያሳይ «ምንም አላመመኝም» ማለት ማስረጃ አይሆንም። ኦአርኤስ ደግሞ በተቅማጥ ፈሳሽ ለጎደለው ሰው የተዘጋጀ ነው እንጂ የማታ መጠጥ አይደለም። በ1 ሊትር ውኃ የሚበጠበጠው አንድ ከረጢት 1.7 ግራም ያህል ሶዲየም (በገበታ ጨው ውስጥ ያለው፣ ግፊት የሚያወጣው ንጥረ ነገር) ሲይዝ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ የሚመክረው በቀን ከ2 ግራም በታች ነው፤ ከረጢቱን ጨርሰው ከጠጡት፣ ከወጡና ከዳቦው የሚያገኙት ጨው ከሞላ ጎደል ሁሉ ትርፍ ነው ማለት ነው። ግፊቱን የሚያወርደውን ትተው የሚያወጣውን ይጠጣሉ!

ጎረቤትዎ ፈጽሞ ተሳስተዋል አልልም። ይህ መድኃኒት ሽንት እያበዛ ፖታሲየምንና ሶዲየምን ሊቀንስና መሸማቀቅን ሊያባብስ ይችላል። ሆኖም ካቆሙት ሦስት ሳምንት ሆኖት ሳለ ባትዎ አሁንም አልተወዎትም፤ ስለዚህ ጥፋተኛው እሱ ብቻ ላይሆን ይችላል። ይህን የሚለየው የጎረቤት ግምት ሳይሆን የደም ምርመራ ነው፤ መድኃኒቱ ሆኖ ከተገኘም ሐኪሙ በሌላ ይቀይርልዎታል። ነገ ዛሬ ሳይሉ ጤና ጣቢያ ሄደው ግፊትዎን ይለኩ፣ ያቋረጡትንም ሳይደብቁ ይናገሩ። እስከዚያው ኦአርኤሱን ይተዉት። የወባ መድኃኒት የሆነውን ኩዊኒን ይሞክሩ የሚልዎ ሰው ካለም አይስሙት፤ በደም ሕዋሳትና በልብ ምት ላይ ከባድ ጉዳት ሊያደርስ ስለሚችል የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለባት መሸማቀቅ እንዳይወሰድ አስጠንቅቋል።

አሁን ወደ እግርዎ እንመለስ። ሲይዝዎ ጉልበትዎን ዘርግተው የእግር ጣቶችዎን ወደ ቅልጥምዎ ይሳቡ። መድረስ ካቃተዎ ነጠላዎን በውስጥ እግርዎ በኩል አዙረው ሁለቱን ጫፎች ይዘው ቀስ ብለው ይጎትቱ፤ ባትዎ ሲላላ ይሰማዎታል። ማታ ከመተኛትዎ በፊት ደግሞ ከግድግዳ ክንድ ያህል ርቀው ይቁሙ፣ መዳፍዎን ግድግዳው ላይ ያሳርፉ፣ ተረከዝዎን ከወለሉ ሳያነሡ ባትዎ እስኪወጠር ወደ ፊት ያዘንብሉ፤ 30 ሰከንድ ያህል ቆይተው ይመለሱና ሦስት ጊዜ ይድገሙት። ጥቂት ሳምንት ይፈልጋል፣ በሁለት ቀን ለውጥ አይጠብቁ። ከባድ ብርድ ልብስ ከፍራሹ ሥር አጥብቆ መወተፍም የእግርን ጣት ወደ ታች ስለሚደፋ ላላ ያድርጉት። ሱቅ ውስጥም በርጩማ አይጥፋ።

ሌሊት መያዙ ቀርቶ፣ በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ ሽቅብ ሲወጡ ባትዎን የሚያምዎና ቆም ሲሉ የሚተውዎ ከሆነ ግን ችግሩ የደም ሥር መጥበብ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪሙ ይንገሩት።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ እግር ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀና ሕመሙ ሳይለቅ ከዋለ ያ መሸማቀቅ አይደለም፤ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። ወጌሻ እንዳያሽዎ፣ በቅባትም እንዳይታሽ፤ የረጋው ደም ተነሥቶ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። በዕለቱ ሆስፒታል ይሂዱ። ትንፋሽ ካጠረዎ ወይም ደረትዎን ከወጋዎ ግን በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ይጥሩ፤ ሌሊትም ቢሆን «ይንጋ» አይበሉ።