«ድሃ ቆጥሮ ማን ከበረ?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። የጻፍሽልኝ ከደብረ ማርቆስ ነው። በስታቲስቲክስ ተመርቀሻል። ሁለት ወር በኮንትራት መረጃ ሰብሳቢ ሆነሽ ምሥራቅ ጎጃምን በቀበሌ ደረጃ ዞረሻል። አሁን ያሠራሽ ፕሮጀክት ለስድስት ወር በሱፐርቫይዘርነት ተመለሺ ብሎሻል። በሌላ በኩል አጎትሽ ባሕር ዳር አንድ ባንክ ውስጥ ሰው አናግረው የቴለርነት ቦታ ይዘውልሻል። አባትሽ ደግሞ «ድሃ ቆጥሮ ማን ከበረ?» ብለው ዘግተውታል። አንቺ ግን አሜሪካኖች ከ3,100 በላይ ካውንቲዎቻቸውን፣ ማለትም እንደ እኛ ወረዳ ያሉ አስተዳደሮቻቸውን፣ በገቢ ደርድረው ድሃውን እንደሚለዩ አይተሽ፣ «የጎጃምን ወረዳዎች እንዲህ መደርደር እንጀራ ሊሆነኝ ይችላል?» ብለሽ ጠየቅሽኝ።

እኔም ዘጠኝ ዓመት በዚሁ ሥራ ጎጃምን ዞሬያለሁ። ስለዚህ አብዛኛውን መልሴን ለዚህ ጥያቄ ልስጥ።

መጀመሪያ ያየሽውን ዝርዝር እንመልከት። «በነፍስ ወከፍ ገቢ» ተብሎ ሲደረደርና «በመካከለኛው ቤተሰብ ገቢ» (ቤተሰቦች በገቢ ሲሰለፉ ልክ መሃል ላይ ባለው) ተብሎ ሲደረደር አንድ አይነት ዝርዝር አይወጣም። ሳውዝ ዳኮታ ውስጥ ያለው ኦግላላ ላኮታ ካውንቲ በነፍስ ወከፍ ሲለካ ብዙ ጊዜ ከመጨረሻዎቹ ተርታ ነው። የላኮታ ነባር ሕዝብ የሚኖርበት ቦታ ነው። ልጅ ይበዛል፣ አንድ ጣሪያ ሥር ብዙ ሰው ያድራል። ገቢው ለእያንዳንዱ ራስ ሲካፈል ያንሳል፤ በቤተሰብ ሲታይ ግን ደረጃው ከፍ ይላል። ዩኒቨርሲቲ ያለበት ካውንቲ ደግሞ ተማሪው ደመወዝ ስለሌለው ብቻ ከኑሮው በላይ ድሃ መስሎ ሊታይ ይችላል። ከ65 ሺህ ሰው በታች ላለው ካውንቲ የአንድ ዓመት ናሙና ስለማይበቃ የአምስት ዓመት መልስ ተጠራቅሞ ነው ቁጥሩ የሚወጣው። ከቁጥሩ ጎን የስሕተት ህዳግ፣ ማለትም ቁጥሩ ከእውነቱ ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል፣ አብሮ ይታተማል። ሰው ዝርዝሩን ሲቀባበል ግን ህዳጉ መንገድ ላይ ይቀራል።

ያ ሁሉ እንግዲህ ብዙው ሰው ደመወዝተኛ በሆነበት፣ ገቢው ወረቀት ላይ ባለበት አገር ነው። የእኛ ገበሬ የሚበላው ከጎተራው ነው። አገራችን ድህነትን በገቢ ሳይሆን በፍጆታ የምትለካውም ለዚህ ነው። በ2008 ዓ.ም. የድህነት ወለሉ ለአንድ አዋቂ በዓመት 7,184 ብር ነበር። መነሻው በቀን 2,200 ካሎሪ የሚሰጥ ምግብ ነው። ከወለሉ በታች የተገኘው ሕዝብ 23.5 በመቶ ሆነ። ለዚያ ጥናት የተጠየቀው ቤተሰብ በመላ አገሪቱ 30 ሺህ ገደማ ነው። ይህን ለሁሉም ወረዳዎች አካፍይው። ለአንዱ ወረዳ ጥቂት ቤት ይደርሰዋል፤ ምንም የማይደርሰውም አለ። ጉድለቱን ለመሙላት የናሙናውን ውጤት ከሕዝብና ቤት ቆጠራ ጋር ማጣመር ይቻላል፤ ግን የመጨረሻው ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የተወለደ ልጅ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል።

ወረዳሽ በፕሮጀክቱ ረቂቅ ዝርዝር ከመጨረሻ ሦስተኛ በመሆኑ አፍሬያለሁ ብለሻል። አትፈሪ። ከእሱ በላይ ካሉት ከአራት አምስቱ ጋር ያለው ልዩነት እውነተኛ ይሁን አይሁን ከእንዲህ ዓይነት ናሙና አይታወቅም።

አሁን የራሴን ልንገርሽ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት ከየዕድውሃ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ አንዲት ባልቴት ቤት ገባሁ። «ባለፈው ወር ስንት ገቢ አገኙ?» አልኳቸው። «ምን ገቢ አለኝ ልጄ፤ እግዜር ይመስገን» አሉኝ። ዜሮ ብዬ ጻፍኩ። ማታ ሱፐርቫይዘሬ ቅጹን አየና «ታዲያ ምን በልተው ነው ያሉት?» ብሎ መለሰኝ። በማግስቱ ስሄድ ስለ ገንዘብ አልጠየቅኩም። ስለ መሬታቸው ጠየቅኩ። ሦስት ቃዳ (ቃዳ የመሬት መለኪያ ነው) ለእኩል ሰጥተዋል፤ ከምርቱ ግማሹ ቤታቸው ይገባል። ስንት እንዳስፈጩ ስጠይቃቸው ከጓዳ ቁናውን አምጥተው ፊቴ አስቀመጡት። በእጃቸው ጠርዙን ዳሰስ እያደረጉ «ለጾሙ ሁለት፣ ለፋሲካ ሦስት» አሉኝ። ከዚያ ጨው፣ ቡና፣ ላምባ እያልን ቆጠርን። የሴትዮዋ ኑሮ ዜሮ አልነበረም። ድሃ ናቸው፤ ግን እኔ ከሞላሁት ቅጽ ላይ እሳቸው አልነበሩም።

አየሽ፣ ገበሬ ምርቱን ለማያውቀው ሰው አይናገርም። ከብትና ልጅ አይቆጠርም ሲባል ሰምቶ ነው ያደገው። ግብር ይጨመርብኛል ወይም እርዳታው ይቀርብኛል ብሎም ይሰጋል። ቃዳንና እኩልን የሚያውቅ፣ «ይመስገን» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ የሚገባው ሰው ያስፈልጋል። አንቺ ያንን ከቤት ይዘሽ መጥተሻል። መረጃ መተንተኛው ሶፍትዌር፣ ስታታ፣ በሦስት ወር ይለመዳል፤ ያ ግን በኮርስ አይገኝም።

ሌላም ያንገበግበኛል። ጎጃም ጤፍና በቆሎ የሚተርፈው አገር ይባላል። የምግብ እጥረት ያለባቸውን ቤተሰቦች የሚረዳው የሴፍቲኔት ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ወረዳዎች የተመረጡት በአብዛኛው ቀድሞ ይቀበሉት በነበረው የምግብ እርዳታ ነው። ስለዚህ «ትርፍ አምራች» የተባለው ወረዳ ውስጥ ያለው መሬት አልባ ጎልማሳ ከዝርዝሩ ውጭ ቀረ። በ2008 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የአማራ ክልል ሕፃናት 46 በመቶው ለዕድሜያቸው አጭር፣ የቀነጨሩ ነበሩ። በዚያ ጥናት በአገሪቱ ትልቁ ቁጥር ነበር። ጎተራው ሞልቶ ልጁ የማያድግበት ወረዳ በገቢ ሲደረደር ላይኛው ላይ ይቀመጣል። መለኪያውን የሚመርጠው ሰው እርዳታው ማን ቤት እንደሚደርስ አብሮ ይመርጣል። እንዲህ ያለ ሥራ እንጀራ ይሆናል ወይ ስትይኝ፣ አዎ፣ ይሆናል። እኔ የምመርጥልሽ ሱፐርቫይዘርነቱን ነው።

አባትሽን አክብሬ እናገራለሁ፤ ግን ተሳስተዋል። ከባንኩ ደመወዝ ግማሹ ለወንድምሽ የኮሌጅ ክፍያ እንዲሄድ ተወስኗል ብለሻል። አንቺ ሳትቀጠሪ ደመወዝሽ ተከፋፍሏል ማለት ነው። ወንድምሽን እርጂ፤ የምትችይውን ያህል። የእሱ ክፍያ ግን የአንቺን ሙያ ሊመርጥልሽ አይገባም። አጎትሽ ሰው ፊት አፈርኩ ሊሉ ይችላሉ። ሄደሽ ጉልበት ስመሽ ይቅርታ ጠይቂያቸው፤ ይረሱታል። አንቺ ግን የማትወጂው ወንበር ላይ ዓመታት ትቀመጫለሽ።

ብሩን በተመለከተ አልዋሽሽም። የኮንትራት ሥራ ይቋረጣል። እኔ በሁለት ኮንትራት መካከል አምስት ወር ሥራ ፈትቼ እህቴ ቤት ተቀምጫለሁ። ከመጀመሪያው አበል ጀምረሽ የሦስት ወር የቤት ኪራይ ለይተሽ አስቀምጪ። ከመፈረምሽ በፊትም መንገድ ቢዘጋ ደመወዝ ይከፈል እንደሆነ፣ የት እንደምታድሩ፣ ቡድኑ ውስጥ ስንት ሴት እንዳለች ጠይቂ። በጽሑፍ ካልመለሱልሽ አትፈርሚ። ጸጥታው አስጊ በሆነበት ቀን ደግሞ አትውጪ፤ ናሙናው ይቆይ።

ውጤትሽ 2.9 ነው ብለሽ ተጨንቀሻል፤ ከመጀመሪያ ሥራ በኋላ ብዙ ሰው አይጠይቅሽም። ላፕቶፕ የለኝም ላልሽው ቢሮው ያለውን ማታ ማታ ተጠቀሚ። እንግሊዝኛው በየቀኑ አንድ ገጽ ሪፖርት ስታነቢ ይሻሻላል። ማስተርሱን ሁለት ዙር መስክ ከወጣሽ በኋላ አስቢበት።

እስከዚያው አንድ ነገር ሥሪልኝ። በሚመጣው ቅዳሜ አገር ቤት እናትሽ ዘንድ ሂጂ። በሳምንቱ ቤቱ የበላውን ሁሉ አብራችሁ ጻፉ፤ ከጎተራው የወጣውን፣ ከገበያ የመጣውን፣ ከጎረቤት የተላከውን። ለእያንዳንዱ የገበያ ዋጋ ስጪው። ከዚያ አባትሽን «ባለፈው ወር ገቢያችን ስንት ነበር?» ብለሽ ጠይቂያቸውና ሁለቱን ቁጥሮች አጠገብ ለአጠገብ አድርገሽ አሳዪያቸው። ምን እንዳሉ ጻፊልኝ።